አይ5 12400 ወይስ ራይዘን 5 5600ጂ? ለሰርግ ቪዲዮ፣ ጅማ ላይ

አዌቱ ማዶ ጠየቀ፦

ሰላም ወገን፣ እንዴት ናችሁ። ጅማ ነኝ፣ አጂፕ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሰርግ፣ ኒካህ፣ ምርቃት እሰራለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ቡና መጋዘን ሄጄ ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። እስካሁን የቆየሁት በአንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ሙሽራ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ 90 ከመቶ ላይ ሲደርስ ስታክ አደረገ። ሙሽራው በሩ ላይ ቆሞ "አላለቀም እንዴ?" ይለኛል፣ እኔ ላፕቶፑን በካርቶን አራግብለታለሁ። በቃኝ። ዴስክቶፕ ላስገጥም ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ዞር ዞር ብሎ የሁለት ፕሮሰሰር ዋጋ አምጥቶልኛል። አንዱ ጋ የኢንቴል ኮር አይ5 12400፣ ሌላው ጋ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ። ሁለቱም 6 ኮር (ሥራውን የሚሰራው ክፍል) 12 ትሬድ (በአንዴ የሚይዙት ሥራ) ናቸው፣ ሁለቱም እስከ 4.4 ጊጋኸርትዝ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ላይ 65 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ወረቀት ላይ መንታ ናቸው። ከማዘርቦርድ ጋር ሲደመሩ ልዩነታቸው የአንድ ሰርግ ቀብድ አይሞላም። ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው አልችልም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ነው የምጀምረው። የምሰራው ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው። ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ከልጆች ጋር ኳስ ጌም ብንጫወትበትም አልጠላም። መብራቱን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ግልገል ግቤ አፍንጫችን ስር ሆኖ እኛ ሻማ ነው የምንገዛው።

የቱን ልበል? እባካችሁ "ሁለቱም ጥሩ ናቸው" እንዳትሉኝ፣ እሱን ሻጩም ብሎኛል።

ባለ በርጩማው መለሰ፦

ወንድሜ 5600ጂ ግዛና ተገላገል። እኔ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ግራፊክስ ካርድ የለኝም ካልክ እኮ ጥያቄው እዚያው አለቀ። 5600ጂ ውስጥ ያለው ቪጋ 7 እውነተኛ ጌም ያጫውታል፤ 12400 ውስጥ ያለው ዩኤችዲ 730 ግን ስክሪን ለማብራት የተሰራ ነው፣ ብዙ ጌም ላይ የቪጋውን ግማሽ ቢያመጣ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት አራት ሰው ኳስ ሲጫወት የሚውለው በዚሁ ማሽን ነው፣ ያለ ካርድ።

አንድ ነገር ግን ስማኝ፣ ይሄን ሻጭ አይነግርህም። ራም ስትገዛ አንድ ባለ 16 አትግዛ። ሁለት ባለ 8 ግዛ። እኔ መጀመሪያ አንድ 16 ነበር የሰካሁት፣ ጌሙ ሲንቀራፈፍ ፕሮሰሰሩን እረግም ነበር። በኋላ አንድ ልጅ ሁለት ባለ 8 ሲያውሰኝ ሌላ ኮምፒውተር የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራም ላይ ነው የሚበደረው። ዲዲአር4 3200 በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ በሁለት መስመር 51.2። አንድ ራም ብቻ ከሰካህ ከሁለቱ በር አንዱን ቆልፈህ ሰው እንዲገባ እንደመጠበቅ ነው።

ባለ ንድፏ መለሰች፦

ባለ በርጩማው የራም ምክርህ ወርቅ ነው፣ ለኢንቴሉም ይሰራል። ሰውየው ግን የሚበላው በኳስ አይደለም፣ በሰርግ ነው።

እኔ ፈረንጅ አራዳ አንድ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማሽኔ 12400 ነው። "ወረቀት ላይ መንታ ናቸው" ያልከውን ላፍርስልህ። 4.4 እና 4.4 ጊጋኸርትዝ እኩል ፍጥነት ማለት አይደለም። ቡና ስትወቅጥ አስበው። ጊጋኸርትዝ ዘነዘናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ነው የሚነግርህ፤ በአንዱ ምት ስንት ፍሬ እንደሚደቅ አይነግርህም። 12400 እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣ አዲስ ዲዛይን ነው፣ በአንድ ምት የሚደቅቀው ይበዛል። 5600ጂ በ2021 ነው የተሸጠው፣ ዲዛይኑ ዜን 3 ይባላል፣ እሱም መጥፎ አይደለም። የፕሮሰሰር ፍጥነት በነጥብ የሚለካው ሲኒቤንች አር23 ላይ በአንድ ኮር 12400 ወደ 1,700 ይጠጋል፣ 5600ጂ ከ1,450 እስከ 1,500 ባለው ውስጥ ነው። ሁሉም ኮር ሲሰራ 12400 ወደ 12 ሺህ ገደማ፣ 5600ጂ ከ10 ሺህ ትንሽ ከፍ ይላል። እንደ ፋኑና እንደ ማዘርቦርዱ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም።

ለእኔ ይሄ ልዩነት ይታየኛል፣ ምክንያቱም ኦቶካድ አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር ነው የሚሰራው። አንተ ጋ ምን ያህል እንደሚታይ ግን እርግጠኛ ሆኜ አልፈርድም።

65 ዋቱም እንዲሁ ነው። ኢንቴሉ ላይ የተጻፈው 65 መነሻው ነው፤ ሲጣደፍ እስከ 117 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ዩፒኤስ ስትገዛ አስበው።

ጉድ በል መለሰ፦

ምን ያደክማችኋል፣ አንድ ስላሽ ዴል በአይ7 ይግዛ። አይ7 ከአይ5 ይበልጣል፣ አለቀ።

ባለ ንድፏ መለሰች፦

@ጉድ በል፣ ስንተኛ ትውልድ አይ7? እዚህ ስላሽ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ 6ኛና 7ኛ ናቸው፣ 4 ኮር ብቻ ናቸው። 12400 በሩቁ ይጥላቸዋል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል። ለጽሕፈት ቤት ይሆናል። ለ4ኬ ሰርግ አይሆንም።

አዌቱ ማዶ መለሰ፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን ይባስ ግራ ገባኝ እንጂ። አንዱ በግራፊክስ ይበልጣል፣ አንዱ በኮር። ለእኔ ሥራ የቱ ነው የሚመዝነው?

ሦስተኛ ካሜራ መለሰ፦

እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ካሜራህ ምንድን ነው? ፋይሉስ? አንዱን ክሊፕ ራይት ክሊክ አድርገህ ሳይሆን ሚዲያ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ክፈተውና ምን እንደሚል ጻፍልን። እሱን ሳታውቅ ፕሮሰሰር መምረጥ የሙሽራዋን ቁመት ሳታውቅ ቀሚስ እንደማሰፋት ነው።

አዌቱ ማዶ መለሰ፦

ካሜራው ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ነው፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጋራ የገዛነው። እውነቱን ልናገር፣ የቪዲዮ ሴቲንጉን ነክቼው አላውቅም፣ የሸጠልን ልጅ እንዳስቀመጠው ነው። ፕሮግራሙ የሚለው ይኸው፦ ኤችኢቪሲ፣ 4:2:2፣ 10 ቢት፣ 50 ፍሬም። ይሄ ምን ማለት ነው?

ሦስተኛ ካሜራ መለሰ፦

አሃ! ሙሽራው በር ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

ቁጭ በልና አንብበው፣ ትንሽ ይረዝማል። ካሜራ የቀረጸውን እንዳለ አያስቀምጠውም፣ ያጣጥፈዋል። ጋቢ አጣጥፈህ ሻንጣ ውስጥ እንደምትከተው በለው። ኤችኢቪሲ ወይም ኤች 265 የሚባለው በጣም ጎበዝ አጣጣፊ ነው፣ ትልቁን ጋቢ ትንሽ ኪስ ውስጥ ያስገባዋል። ችግሩ ኤዲት ስታደርግ ነው። አንተ ታይምላይኑን በጎተትክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ያንን ጋቢ በሰከንድ 50 ጊዜ መዘርጋት አለበት። ሁለት ካሜራ ደርበህ ከሆነ 100 ጊዜ።

ለዚህ ዝርጋታ ብቻ የተሰራች ትንሽ ክፍል ግራፊክሱ ውስጥ አለች። ጌም ከሚያጫውተው ክፍል ጋር አንድ አይደለችም። ባለ በርጩማው ያወዳደረው ጌም የሚያጫውተውን ነው፣ እሱ ላይ ልክ ነው። ኢንቴል ዘርጊዋን ኩዊክ ሲንክ ይላታል። ክፍሏ የፋይልህን አስተጣጠፍ የምታውቀው ከሆነ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የማታውቀው ከሆነ ሥራው በሙሉ ስድስቱ ኮሮች ላይ ይወድቃል፣ እነሱ ደግሞ ይንተፋተፋሉ።

አሁን 4:2:2 የሚለው ጋ እንምጣ። ጎን ለጎንና ላይና ታች ሆነው አራት ፒክስሎች ቢቀመጡ 4:2:0 ለአራቱ አንድ የቀለም መረጃ ይይዛል፣ 4:2:2 ሁለት ይይዛል። 10 ቢት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም 1,024 ደረጃ አለው፣ 8 ቢት 256 ብቻ። ቀለም ለሚያርም ሰው 4:2:2 10 ቢት ትልቅ ነገር ነው። ግን ዘርጊዎቹ አብዛኞቹ አያውቁትም። 5600ጂ ላይ ያለው ቪጋ ኤች 265ን በ4:2:0 ይዘረጋል፣ 8 ቢትም ሆነ 10 ቢት። 4:2:2 ላይ ግን እጁን ያነሳል። 12400 ላይ ያለችው፣ ያቺ ለጌም አትረባም የተባለችው ዩኤችዲ 730፣ ኤች 265 4:2:2 10 ቢትን ትዘረጋለች።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። አርቲኤክስ 3060 ገዝቶ "አሁንስ ለምን ይቆራረጣል?" ያለ አንድ ወዳጅ አለኝ። ኤንቪዲያ 4:2:2 መዘርጋት የጀመረው በ2025 በወጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ነው። ያ ሰው ያን ሁሉ ብር አውጥቶ፣ ቀድሞ ፕሮሰሰሩ ላይ በነጻ የነበረውን የኢንቴል ግራፊክስ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ላይ ዘግቶት ነበር። ከፈተው፣ ፕሪሚየር ሚዲያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኢንቴሉ እንዲዘረጋ አደረገው፣ ተገላገለ።

ተጠንቀቅ ግን፦ ይሄ የሚሰራው ለኤች 265 ነው። ያው ካሜራ 4:2:2 10 ቢትን በኤች 264ም ይቀርጻል፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ በሚለው። እሱን 12400ም በሃርድዌር አይዘረጋውም። 10 ቢት ከፈለግህ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ ላይ ተው።

12500 በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ ደግሞ እሱን ውሰድ። ኮሩ ያው 6 ነው፤ ግራፊክሱ ግን ዩኤችዲ 770 ስለሆነ ዘርጊዋ ሁለት ናት። ብዙ ካሜራ ስትደርብ ይጠቅምሃል።

ባለ በርጩማው መለሰ፦

እሺ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አንድ ነጥብ ለኢንቴል። ግን አቦ ለዚህ ብሎ ፕሮሰሰር ከመቀየር ፕሮክሲ አይሰራም? ማታ ፋይሎቹን ወደ ቀላል ፋይል እንዲቀይር አድርጎ ይተኛል፣ ጠዋት በቀላሉ ኤዲት ያደርጋል። እኔ የማውቃቸው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ሦስተኛ ካሜራ መለሰ፦

ይሰራል። እኔም ለዓመታት በፕሮክሲ ኖሬያለሁ። ግን ጅማ ላይ "ማታ ትቶ ይተኛል" የሚለው ላይ ነው የምትስቀው። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሄዶ ጠዋት ግማሹ የተቀየረ፣ ግማሹ ያልተቀየረ ፎልደር ይጠብቅሃል። የትኛው ክሊፕ እንደቀረ ስትፈልግ ቁርስህ ያልፋል።

ከፕሮክሲ በፊት የሚቀል ነገር አለ። ካሜራው ሜኑ ውስጥ ገብተህ 4:2:0 8 ቢት ማድረግ። አዳራሽ ውስጥ በአንድ መብራት ለሚቀረጽ፣ ቀለሙ ብዙ ለማይነካካ ሰርግ በቂ ነው። ያኔ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ያለ ችግር ይዘረጉታል፣ ክርክራችንም ይሞታል። ስለዚህ ወንድሜ አዌቱ፣ ራስህን ጠይቅ። ቀለም በደንብ ታርማለህ? ኤስ ሎግ፣ ማለትም ቀለሙ በኋላ እንዲታረም ደብዘዝ ተደርጎ የሚቀረጸውን፣ ትቀርጻለህ? ካላደረግህ 10 ቢቱን የተሸከምከው በከንቱ ነው።

አዌቱ ማዶ መለሰ፦

ለሰርግ ብዙም አልነካካም። ለቡና ማስታወቂያው ግን አዎ። ቀይ የቡና ፍሬ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ጥላና ፀሐይ ሲደባለቅበት፣ 8 ቢት ላይ ቀዩ እንደ ቲማቲም ሆኖ ነው የወጣልኝ። ደንበኛው "ይሄ የእኔ ቡና አይደለም" አለኝ፣ ልክ ነበር።

ባለ ንድፏ መለሰች፦

ለምን አንሞክረውም ታዲያ? ሁለቱም ማሽኖች እዚሁ ከተማ አሉ። ክሊፖቹን በፍላሽ ይዘህ ና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ክፍት ነው። ባለ በርጩማውም በሩን ይክፈትልህ። 8 ቢቱንም 10 ቢቱንም ያዝ፣ ያንኑ ፋይል፣ ያንኑ ፕሪሚየር። ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ "ቪዲዮ ዲኮድ" የሚለውን ግራፍ እዩ፣ ሲፒዩውን ብቻ አትዩ።

ባለ በርጩማው መለሰ፦

ና ቤትህ ነው። ቡናው ግን በአንተ ነው።

ካቻቢቴ መለሰ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሂርማታ አካባቢ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። እናንተ ስለ ፍጥነት ስታወሩ እኔ ስለ መንገዱ ላውራ፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርሰውን ዕቃ የምከፍተው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ፊደል አንብቡ። 12400 እና 12400ኤፍ አንድ አይደሉም። ኤፍ ካለበት ግራፊክስ የለውም። ባለፈው ወር አንድ ልጅ "አይ5 12ኛ" ተብሎ ተሽጦለት፣ ካርድ ሳይኖረው፣ ሞኒተሩ "ኖ ሲግናል" እያለው ማዘርቦርዱ ሞቷል ብሎ ይዞልኝ መጣ። ምንም አልሞተም። ፊደሏ ናት። ሻጩን ሲደውልለት "ርካሽ የሆነው ለዚያ ነው" አለው ይባላል። በኤኤምዲም እንደዚያው ነው፦ 5600 ያለ ጂ ግራፊክስ የለውም።

ሁለተኛ፣ ፒን። ራይዘኑ በኤኤም4 ሶኬት ነው የሚገባው፣ 1,331 ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። ኢንቴሉ ላይ ፒኖቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። ራይዘን በላስቲክ ጠቅልለው በአውቶቡስ ከላኩልህ የመጀመሪያ ሥራህ ገልብጠህ በብርሃን ማየት ነው። ሰልፉ ውስጥ አንድ ያዘነበለ ካየህ እንዳትጫነው። እኔ በምላጭ ጠርዝ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከረድፉ ጋር እያስተካከልኩ ነው የማቀናው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ እጄን መንቀጥቀጥ ይጀምረኛል። ፋኑን ስትነቅልም ኮምፒውተሩን መጀመሪያ አሙቀው፣ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ እያደረግህ አንሳው። በፋኑና በፕሮሰሰሩ መሃል የሚቀባው ፔስት ደርቆ ከያዘው ሶኬቱ እንደተቆለፈ ፕሮሰሰሩ ተነቅሎ ይመጣል። የኢንቴሉ ሶኬት ደግሞ ክዳኑ ሳይዘጋ ካቻቢቴ ከወደቀበት ማዘርቦርዱን ቅበረው። እኔ ራሴ አንዴ ጥያለሁ፣ ስሜን ከዚያ ነው ያወጣሁት።

ሦስተኛ፣ ፋን። የካርቶን ዕቃ ከሆነ ሁለቱም ከነፋናቸው ነው የሚመጡት። "ትሬይ" ከተባለ፣ ማለትም ያለ ካርቶን ከሆነ፣ ፋን የለውም። የድሮ የ10ኛና የ11ኛ ትውልድ ኢንቴል ፋን ደግሞ 12ኛው ላይ ቀዳዳው አይገጥምም፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። በጉልበት የገጠመ አይቻለሁ። ማዘርቦርዱ እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር።

ማዘርቦርድ ላይ፣ 12400 በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ይሰራል፤ ቦርዱ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ራሙን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። ቦርዱ ኤች610 የሚባለው ከሆነ የራም ቦታው ሁለት ነው፣ ቢ660 ላይ እስከ አራት ታገኛለህ። 5600ጂ ወስደህ ያገለገለ ቢ450 ቦርድ ካገኘህ ባዮሱ አዲስ መሆኑን አረጋግጥ፣ አለበለዚያ አይነሳም።

ዩፒኤስ፦ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ካርድ የሌለው እንዲህ ያለ ማሽን ከ150 ዋት በላይ መጎተቱ ብርቅ ስለሆነ ይበቃሃል። ባትሪው የሚያቆይህ ግን ሴቭ አድርገህ እስክትዘጋ ነው፣ ሰርግ ኤክስፖርት እስክታደርግ አይደለም።

አዌቱ ማዶ መለሰ፦

ቅዳሜ ሄድኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባለ በርጩማው ጋ። ያን ኤች 265 4:2:2 ክሊፕ ታይምላይን ላይ ስናስቀምጠው ታስክ ማኔጀር ላይ 12ቱም ሳጥኖች እስከ አፋቸው ሞሉ፣ የሙሽራዋ ቬሎ እየቆመ እየሄደ ይጎተታል። ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። ፋኑ ጮኸ። 8 ቢቱን ስናስገባ ምንም ችግር የለም፣ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ አራት ጌም ኳስ ተጫወትን፣ ሁለቱን ተሸነፍኩ፣ ማሽኑ ግን የሚገርም ነው።

ቀጥሎ ፈረንጅ አራዳ። ያው ክሊፕ፣ ያው ፍላሽ። ሲፒዩው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ "ቪዲዮ ዲኮድ" የሚለው መስመር ከፍ አለ፣ ቬሎው ሳይቆም ሄደ። ሁለተኛ ካሜራ ስደርብ መጠነኛ መንተክተክ ነበረው፣ ግን ይሰራል። 8 ቢቱ ላይ በሁለቱ መሃል ልዩነት ፈልጌ አጣሁ። ኤክስፖርቱ ላይም 12400 ቀደመ፣ ግን ሻይ አፍልተህ የምትመለስበት ልዩነት አይደለም።

የባለ ንድፏ አለቃ መሃል ላይ ገብቶ "ይሄ የማን ሰርግ ነው?" ብሎ ቆሞ አየ። የጎረቤቱ ልጅ ሆና ተገኘች። ጅማ።

12400 ልወስድ ነው፣ ለቡናው ማስታወቂያ ስል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በኋላ ካርድ ብጨምርበት፣ ወይም ፕሮሰሰሩን ባሳድግ?

ባለ ንድፏ መለሰች፦

ካርድ ላይ 12400 ይሻላል። ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ፒሲአይ ይባላል፤ 5600ጂ ፒሲአይ 3.0 ብቻ ነው፣ 12400 4.0ንም 5.0ንም ይችላል። ለትልቅ ካርድ ብዙም አይታይም። እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ዓይነት 4 መስመር ብቻ ላላቸው ርካሽ ካርዶች ግን 3.0 ላይ መንገዱ በግማሽ ይጠብባል። 5600ጂ ኤል3 ካሹም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ፈጣን ሜሞሪ) 16 ሜጋባይት ነው፣ የወንድሙ የ5600 ግማሽ፤ ጌም ከካርድ ጋር ሲሆን ይሄ ይጎዳዋል።

ማሳደጉ ላይ ግን ኤኤምዲ የሚያስቀና ነገር አለው። ያው ቦርድ ላይ 5800ኤክስ3ዲ መሰካት ትችላለህ። አንተ ሶኬት ላይ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ይገባሉ፣ ስላሽ ካገኘህ ግን ተጠንቀቅ። ኢንቴል ራሱ በ2024 ከእነሱ ውስጥ ኃይለኞቹ በቮልቴጅ ችግር እንደሚጎዱ አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። 12ኛው ከዚያ ውስጥ የለበትም።

አዌቱ ማዶ መለሰ፦

ደረሰ! የአክስቴ ልጅ ሱቅ ሲሄድ ሻጩ ያወጣለት ካርቶን 12400ኤፍ ነበር። ካቻቢቴ የጻፈውን በስልክ አንብቤለት ስለነበር "ፊደሏን አንሳልኝ" አለው። ሻጩ ሳቀ አሉ፣ ሌላ አመጣ። ቢ660 ከዲዲአር4 ጋር፣ ሁለት ባለ 8 ራም። ካቻቢቴ ራሱ ገጠመልኝ፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ትናንት የአንድ ኒካህ ቪዲዮ እየቆረጥኩ 11 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጲጵ ጲጵ ሲል ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። የጠፋብኝ ነገር የለም፤ ሙሽራውም ገና ደጄ አልደረሰም ነበር።

ኳሱ ግን አልሆነም። ሞከርነው፣ ተጫዋቾቹ ጭቃ ላይ የሚሮጡ ይመስላሉ።

ባለ በርጩማው መለሰ፦

ብዬህ ነበር። ቅዳሜ እኔ ጋ ና፣ አራት የራም ቦታ አለኝ፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ራምህን ነቅለህ ይዘህ ና።

ካቻቢቴ መለሰ፦

ኧረ በፈጣሪ እንዳትነቅል። እሁድ ደግሞ ለእኔ ሥራ ልታመጣ ነው።